ሰባት ቁጥር ታንኳ

ሥራ የጀመርኩት ስቶክሆልም፣ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በአንድ እጄ ቀይ ጃንጥላ፣ በሌላው የሠላሳ አንድ መንገደኞች ስም ዝርዝር ይዤ። ጃንጥላው ለዝናብ አይደለም። የጉዞ መሪ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሰዎቹ እሱን እያዩ ይከተላሉ። አለቃዬ ቢርጊታ ከሁለት ቀን በፊት ቢሮ ጠርታ ስታስረክበኝ የነገረችኝ አጭር ነበር። ሲሳፈሩ ቁጠሪ፣ ሲወርዱ ቁጠሪ፣ ምግብ ቤት ሲገቡም ሲወጡም ቁጠሪ። ቁጥሩ ካልሞላ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም።

መጀመሪያ የደረሰው መንገደኛ ከሶልና የመጣ ረጅም ሽማግሌ ነበር። ጃንጥላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በትሕትና የጉዞ መሪዋ መቼ እንደምትመጣ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። እንግዲያው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ ማለት ነው አለኝ። አውቅ ነበር። በዋዜማው መጥቼ መጸዳጃ ቤቱንም፣ ካፌውንም፣ ሻንጣ ማስረከቢያውንም በእግሬ ዞሬ አይቼ ነበር። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ከእኔ ጋር ተጉዟል።

ሥራውን ያስገኘልኝ ፈረንሳይኛ ነው። ስዊድን ከመግባቴ በፊት ጅቡቲ በስደት ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እዚያ ፈረንሳዮች ቤት ልጅ ሳሳድግ ቋንቋውን ለመድኩ። ስቶክሆልም መጥቼ ሄሰልቢ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ዓመታት ስሠራ ግን ለምንም አልጠቀመኝም። በኋላ አንዲት የቀድሞ የፈረንሳይኛ አስተማሪ እንክብካቤ ክፍላችን ገቡ። ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን ሳበጥር በፈረንሳይኛ እናወራ ነበር። ቢርጊታ ልጃቸው ናት። ጡረተኞችን ወደ ፈረንሳይ የሚወስድ ትንሽ የጉዞ ድርጅት ነበራት፤ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ስትሰማን ቆይታ ሥራ ትቀይሪያለሽ ወይ አለችኝ።

ማመልከቻ ሞላሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሁለት መቶ ሜትር መዋኘት ትችያለሽ ወይ ይላል። ስዊድን ውስጥ መዋኘት የማይችል ትልቅ ሰው ማንበብ እንደማይችል ነው የሚታየው። “አዎ” የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። በሕይወቴ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

የምንሄድበት መንደር ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ በሚባል ወንዝ ዳር ነው። ከኋላው ቀጥ ያለ ገደል፣ ከፊቱ ወንዙ፣ በመሃል አንዲት መንገድና ማር የመሰለ ቀለም ያላቸው የድንጋይ ቤቶች። ገደሉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለሚመታው በስቶክሆልም የማይታሰብ ዛፍ ሁሉ ይበቅልበታል። በገደሉ ወገብ ላይ ከዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ምሽግ አለ። ድሮ የወይን ጠጅ በርሜል ይጭኑበት የነበረው ዓይነት ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ዛሬ ጎብኚ ይጭናል።

ፕሮግራሙ በየዓመቱ ያው ነበር። የመጀመሪያው ቀን መንደሩን በእግር፤ ጉልበት ያለው ወደ ምሽጉ ደረጃውን ይወጣል፣ የሌለው ከታች ቤተ ክርስቲያኗ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሁለተኛው ቀን ገበያና ዋልነት በሚባል የለውዝ ዓይነት ዛፎች መካከል የሚያልፍ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ። ሦስተኛው ቀን ታንኳ።

የታንኳው ቀን የራሱ ሥርዓት አለው። ለሁለት ሰው አንድ ታንኳ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ሁለት ተንሳፋፊ ሰደርያ፣ ልብስና ስልክ የሚቀመጥበት ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ በርሜል። ታንኳዎቹ ቁጥር አላቸው፤ ማን በስንት ቁጥር እንደገባ ይጻፋል። የታንኳ አካራዩ ሠራተኛ ከፊት ይቀዝፋል። የጉዞ መሪው በመጨረሻዋ ታንኳ ሆኖ ከኋላ ይከተላል።

እኔ አልተከተልኩም። ታንኳዎቹን ሸኝቼ በአውቶቡስ ወደ መውረጃው ድልድይ እሄድና እጠብቃቸዋለሁ። ለአካራዩ ለማርሴል ምሳውን ማዘጋጀት አለብኝ እለው ነበር። ዳቦ ለመቁረጥ የጉዞ መሪ አያስፈልግም፤ እሱም አልጠየቀኝም። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ምንም አልደረሰም፣ እኔም ነገሩ ትክክል ይመስለኝ ጀመር።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያው የሐበሻ ቡድን መጣ። ከስቶክሆልም አካባቢ የተሰባሰቡ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው፤ ሃያ ሁለት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች። አስተባባሪው ጋሽ በቀለ የከተማ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ሁዲንጌ ሆስፒታል ውስጥ ሠርተው ነው የወጡት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፕሮግራሙን እኔው ራሴ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ።

በታንኳው ቀን ጋሽ በቀለ አልገባም አሉ። ሚስታቸውንም እንዲቀሩ ለመኗቸው። እትዬ አሰለፈች ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ገላ ሳጥብ ኖሬ አንድ ቀን ለራሴ ውኃ ላይ ብወጣ ምን አለበት ብለው ሰደርያቸውን አሰሩ። ከጓደኛቸው ከእትዬ ሮማን ጋር ሰባት ቁጥር ታንኳ ውስጥ ገቡ። ስድስት ሰዎች ከእኔ ጋር ለአውቶቡሱ ቀሩ፤ የቀሩት በስምንት ታንኳ ተነሡ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ሞልቶ ነበር። ማርሴል በመሃል ያለችውን ደሴት በቀኝ በኩል እንዲያልፉ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ፤ እኔም ተረጎምኩ።

ድልድዩ ሥር ቆሜ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት መጡ። ቀጥሎ የመጣው ስምንት ቁጥር ነው። ሰባትስ አልኳቸው። ፎቶ ለማንሳት ቆመው ነበር፣ አለፍናቸው፣ ይደርሳሉ አሉኝ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። አልመጡም። ስልክ ደወልኩ፤ የሁለቱም ዝግ ነው።

ጋሽ በቀለ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው በባዶ እግራቸው ወደ እኔ መጡ።

“ሰብለ፣ የኔዋ የት ናት?” አሉኝ።

አሁን እናመጣቸዋለን አልኳቸውና ፊቴን አዞርኩ።

በመኪናው ቀድሞን የደረሰው ማርሴል ድልድዩ ሥር የምትታሰረውን የሞተር ጀልባ አስነሣ። ሴቶቹ ፈረንሳይኛ አያውቁምና አብረሽኝ ግቢ አለኝ። እግሬን ላነሳ ስል፣ ውኃው ዛሬ ከባድ ነው፣ መዋኘት ትችያለሽ አይደል ብሎ ጠየቀኝ።

“አልችልም” አልኩት።

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ማርሴል ከወንበር ሥር ሌላ ወፍራም ሰደርያ አውጥቶ ራሱ አሰረልኝና መሃል ተቀምጪ፣ ገመዱን ያዢ አለኝ።

ወንዙን ሽቅብ ወጣን። ዓይኔን ከጀልባው ወለል አላነሳሁም። ደሴቷ ጋ ስንደርስ ማርሴል ፍጥነቱን ቀንሶ እንዳይገቡበት ባስጠነቀቀው በኩል ገባ። እዚያ ወንዙ ይጠባል፣ አኻያ ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ውኃ ውስጥ ነክረዋል። ከቅርንጫፎቹ መሃል አንዲት ታንኳ ተገልብጣ አየሁ። ሰባት ቁጥር ናት። ሰው የለባትም።

ማርሴል ሞተሩን አጠፋው። ስማቸውን ጠራሁ። ሁለተኛ ጠራሁ። በሦስተኛው ከዛፎቹ ጀርባ “አቤት” የሚል ድምፅ መጣ።

ደሴቷ ጫፍ ላይ ጠጠራማ ቦታ አለ። ሁለቱም እዚያ ሰደርያቸውን እንደታጠቁ ተቀምጠዋል። ካልሲያቸው ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል። ከፎቶው በኋላ ውኃው በዚህ በኩል ገፋቸው፤ ታንኳዋ ጠጠሩ ላይ ስትያዝ ወርደው ሊገፏት ሞከሩ፤ ከእጃቸው አምልጣ ሄደች። ስልካቸው በርሜሉ ውስጥ ነበር፣ አብሮ ሄደ። ከጉልበት በላይ አልረጠቡም።

ጠጠሩ ላይ ወርጄ የሁለቱንም እጅና እግር እየዳሰስኩ አገላብጬ አየሁ። እትዬ አሰለፈች እጄን ይዘው አስቆሙኝ።

“ምነው እንዲህ ሆንሽ? እኛ እኮ አልደነገጥንም። አንቺ ከኋላ እየመጣሽ አይደል?”

ከኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔው ትርጉም ነው። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው አነበቡልኝ፦ “የጉዞ መሪዋ በመጨረሻዋ ታንኳ ሆና ከሁሉም ኋላ ትከተላለች።” ስለዚህ ቁጭ ብለን ጠበቅንሽ አሉኝ። ቅሬታ አልነበረበትም። ያነበቡትን ነው ያመኑት።

በዚያ ሰዓት ብዋሽ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከኋላ እንዳልነበርኩ፣ መዋኘት እንደማልችል፣ ሥራውን ስይዝ እንደዋሸሁ። እትዬ ሮማን ካልሲያቸውን እያጠለቁ፣ እኔም እኮ አልችልም አሉ። እትዬ አሰለፈች ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው መለሱና፣ ለአለቃሽ መንገር አለብሽ አሉኝ። እነግራታለሁ አልኳቸው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጋሽ በቀለ ውኃው ዳር ቆመው ነበር። ሚስታቸው ከጀልባ ሲወርዱ እጃቸውን ያዙ፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቁም። አልተቆጡም። ጃኬታቸውን አውልቀው አለበሷቸውና፣ “ምሳ ቀርቧል፣ ነይ” አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንቺም ብዪ አሉኝ። ያን ቀን እንደበላሁት ዳቦ የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ስቶክሆልም እንደተመለስን ሰኞ ጠዋት ቢርጊታ ቢሮ ገባሁና ነገርኳት። የቢሮውን ቁልፍና የሥራ መታወቂያዬን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ነበር። ስንት ዓመት ሆነ ብላ ጠየቀች። አሥራ ሁለት አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ተቆጣች፤ መቆጣትም ነበረባት። ወንዙ ላይ ሰው ቢሞት እኔ ነበርኩ የምጠየቀው አለችኝ። ነገሩን በጽሑፍ መዝግባ አስፈረመችኝ፣ ከወንዝ ጉዞም አገደችኝ። ከዚያ ቁልፉን መልሳ ገፋችልኝ። ሁለት መቶ ሜትር ስትዋኚ ተመለሺና ንገሪኝ፣ እኔው መጥቼ አያለሁ አለች።

ከቢሮው ወጥቼ ቱነልባና የሚባለው የከተማ ባቡር ውስጥ ስቀመጥ ከፍሪድሄምስፕላን ጣቢያ እስከ ሄሰልቢ አለቀስኩ። ሐዘን አልነበረም። ለአሥራ ሁለት ዓመት የታንኳው ቀን በመጣ ቁጥር ስደብቀው የኖርኩት ነገር ከእንግዲህ አልነበረም።

በመስከረም ለአዋቂዎች የዋና ትምህርት ተመዘገብኩ። የምንማረው ስዊድኖቹ ሲምሃል በሚሉት፣ ቤት ውስጥ በተሠራ የዋና ገንዳ ነው። አስተማሪያችን ማሪት በእኔ ዕድሜ ያለች ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ፊቴን ውኃ ውስጥ መክተት ብቻ ነው። እስከ ገና መንሳፈፍ ቻልኩ። ከፋሲካ በኋላ ቢርጊታ መጣች፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ በካልሲዋ ቆማ ሁለት መቶ ሜትር የሚሞላውን ስምንት ምልልስ በጣቷ ቆጠረች። ስጨርስ ፎጣ አቀበለችኝና የሐምሌው ጉዞ ያንቺ ነው አለች።

በሐምሌ በመጨረሻዋ ታንኳ ገባሁ። መንደሩን ለአሥራ ሁለት ዓመት ለሰው ሳስረዳ ኖሬ ከወንዙ ላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። ከመንገዱ ላይ ሲያዩት ቤቶቹ ገደሉን የተደገፉ ይመስላሉ፤ ከውኃው ሲያዩት ግን አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ምሽጉም ከሁሉ በላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከፊቴ አሥር ታንኳ ነበር። አሥሩም ይታየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሠርቼ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ወንዝ ላይ የጉዞ መሪ ቦታው ከሰዉ ሁሉ ኋላ ነው። እዚያ መሆን የማይችል ሰው፣ ጉዞው ከመነሣቱ በፊት ለአለቃው ይናገር።