ማጭዱን ትቶ የሄደው ወንድሜ

ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት የወጣው መስቀል በዋለ በሳምንቱ ነው። እኔ የማስተምረው ፍኖተ ሰላም ስለሆነ ሲሄድ አላየሁትም። ለሚስቱም ለእናታችንም የነገራቸው አንድ ነው፦ ለገና እመለሳለሁ፣ በረሃ ስልክ አይሠራምና አታስቡ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አመሻሽ ላይ ሥራዋን ስትጨርስ ደጁ ላይ ካለው መደብ ተቀምጣ ከቡሬ የሚመጣውን መንገድ ታያለች።

ገና ሲደርስ ለበዓሉ ወደ ቤት ሄድሁ። እሱ አልመጣም። አብረውት ሄደዋል ያልናቸው የአገሩ ልጆች ግን ገብተዋል። ጠየቅናቸው፤ ሲነሡም አብሯቸው አልነበረም፣ እዚያም ያየው የለም። እናቴ ተቆጣች እንጂ አልደነገጠችም።

"ሌላ ጎጆ ቀልሶ ነዋ" አለች። "ያጠባሁት ጡቴ ይፋረደው።"

ምራቷ እየሰማች ነው የምትናገረው። እኔም አመንኋት። በረሃ ወርዶ የቀረ ወንድ በአገራችን እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ማጭዱ ነው። በበዓሉ ማግስት ለላሟ ሣር ላጭድ ብዬ እጄን ከጣራው ሥር ስሰድ የወንድሜ ማጭድ መጣልኝ። እጀታውን በጨርቅ የጠመጠመው ነው፤ በሌላ ማጭድ እጄ አይፈታም ይል ነበር። ለአጨዳ የሄደ ሰው እንዴት ማጭዱን ትቶ ይሄዳል? ሚስቱን ጠየቅኋት።

"እዚያ ይሰጡናል ብሎኝ ነው" አለች።

"ዶማውስ የት አለ?"

ፈለገች። ዶማው የለም። ያን ጊዜ ሁለታችንም ተያየን።

ከቤታችን ጀርባ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ የጥንት ምሽግ አለ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም፤ ከግንቡ ሥር ወርቅ መቀበሩን ግን የማያውቅ የለም። ወርቁን የሚፈልግ ሰው ሕግ አለው፦ ብቻውን ይሄዳል፣ ለማንም አይናገርም። ከተናገረ ወርቁ ከሰል ሆኖ ይጠብቀዋል። ይኸን ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ሰምተነዋል። እኔ ስስቅበት እሱ ለካ ልቡ ውስጥ አስቀምጦታል።

ለሰው መናገር ፈርቼ የንስሐ አባታችንን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ኮረብታው ሲያዩት ቅርብ ነው፣ መንገዱ ግን በቅንጭብና በእሬት ተዘግቷል። የታችኛው ዙሪያ ግንብ ከጉልበት አያልፍም፤ አገሩ ሁሉ ድንጋዩን ለቤት መሠረት አውርዶታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የእኛም ቤት የቆመው በዚያው ድንጋይ ላይ ነው፣ አባቴ በአህያ ሲያመላልስ ትዝ ይለኛል። በሩ ከነበረበት ቦታ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ቀርተዋል፤ መካከላቸው ወይራ በቅሎ እኛ እንኳ በጎን ነው ያለፍነው።

ውስጡ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። አንዳንዱ አርጅቶ ሣር ለብሷል፣ አንዳንዱ የአምና ነው። ስንቱ ጎረቤታችን ለሚስቱ ዋሽቶ እዚህ ሲቆፍር ኖሯል? ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው ያስቀድሳሉ፣ አንዱ ለአንዱ ግን ጉድጓዱ ባዶ ነው ብሎ አልነገረውም። ቢነገር ኖሮ ወንድሜ ምን ሊያደርግ ይወጣ ነበር? ንዴቱ አሁንም አልወጣልኝም።

አባ ከፊት ከፊት እየሄዱ ቁጥቋጦውን በመቋሚያቸው ይገልጣሉ።

"ልጄ፣ ባናገኘው ይሻለናል" አሉኝ።

"ካላገኘነው እናቴ እንደ ረገመችው ትሞታለች" አልኋቸው።

አባ ርምጃቸውን አፋጠኑ።

ከሁሉ የሚረዝመው በምሥራቅ በኩል ያለው ግንብ ነው። ገና ሳንደርስ መሐሉ ተንዶ አየነው። ከፍርስራሹ አጠገብ የተቆፈረ ቀይ አፈር ተከምሯል። ከአፈሩ ወዲህ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ የወንድሜ የላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። ጭቃ እንዳይነካው አውልቆ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ አስተካክሎ ነው ያስቀመጠው። ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ቆጥቦ ይጫማው ነበር።

አባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ስድብ ነው። አንተ ደንቆሮ፣ ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት አልሁት፣ ድንጋዩን እያየሁ። ከዚያ ሰው ልጠራ ወረድሁ።

የመንደሩ ወንዶች እናቴ ሳትሰማ በዚያው ቀን አወጡት። መሠረቱን ከሥር ሲቦረቡረው ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣው ግንብ ተጭኖታል። ከእጁ ወርቅ አልተገኘም፣ ዶማው ብቻ ነበር። ወንዶቹ ዐይኔን ሸሹኝ። ድንጋዩን ሲያነሡ የትኛውን ከየት እንደሚይዙ አስተዋልሁ፤ ቦታው ለማናቸውም አዲስ አልነበረም።

መርዶ በአገራችን ብቻውን የሚናገር ሰው የለም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው ከደጅ የሚቆመው። በማግስቱ እናቴ በሯን ስትከፍት ሰዉን አየች። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልዘገየችም።

"በረሃ በላብኝ?" አለች።

"የለም፣ በረሃም አልወረደ" አሉ አባ። "ከወጣበት ቀን ጀምሮ እዚሁ ነበር።" በመቋሚያቸው ከቤቱ በላይ አሳዩዋት።

ዘወር ብላ ኮረብታውን አየችው። ቆይታ ደግሞ ደጁ ላይ ያለውን መደብ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ያደረገውን፣ አየች።

"ጀርባዬን ሰጥቼው ነው እንዴ የከረምሁት?" አለች።

የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።