የማይፈታው ጆንያ

ባለቤቴ ለቤታችን ያወጣችው ደንብ ሁለት ብቻ ነው፤ እቃ ሁሉ ከማታው የመግሪብ ሶላት በፊት ወደ ቦታው ይመለስ፣ በየቀኑም አንድ የማያገለግል ነገር ከቤት ይውጣ። ሲሰሙት ቀላል ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ቀበሌ ስብሰባ እያዛጋሁ ነው ያሳለፍኩት።

ነገሩ የጽዳት ብቻ አልነበረም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ አምባሰል ገጠር ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው። ሐይቅ ከተማ መጥቶ ከእኛ ጋር እንዲኖር ስንት ጊዜ ለመንነው! ይመጣል፤ በር ስር ባለችው ወንበር ጫፍ ላይ ምርኩዙን እንደያዘ ይቀመጣል፤ ምሳ ይበላና "ልጄ፣ ቤታችሁ ሙሉ ነው፣ አላጣብባችሁም" ብሎ በውጫሌ ሚኒባስ ይመለሳል። እሱ በሄደ ቁጥር ሚኒባሱ እስኪሰወር በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

ሊተኛበት የሚችለው ክፍል እውነትም እስከ ጣሪያው ታጭቋል። የተቀደደ የዓሣ መረብ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከሞተ ቆይቷል። በየቀኑ አንድ አንድ ሲወጣ ወለሉ መታየት ጀመረ። በመጨረሻ ጥጉን የያዘው ትልቅ ጆንያ ብቻ ቀረ።

"እሱስ?" አለች ባለቤቴ።

"እሱማ አደራ ነው!"

ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ ለንግሥ ግሸን የሚሄዱ ሰዎች ለመንገድ የማያስፈልጋቸውን ጓዝ እኛ ዘንድ አስቀምጠው ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ይወስዱታል። እስላም ክርስቲያን ሳይባል የሰው አደራ አይፈታም፤ ያደግነው እንዲያ ነው። ስለዚህ ያንን ጆንያ አቧራውን እያራገፍኩ፣ ከአይጥ እየጠበቅኩ ለዓመታት በክብር አኑሬዋለሁ።

"የማን አደራ ነው?" አለች። አላወቅኩም። "ወላሂ፣ ባለቤቱን ሳታውቅ ለማን ልታስረክብ ነው? ፍታውና ምልክት እንፈልግ።"

ቢስሚላህ ብዬ ፈታሁት። ከላይ የኔው የተማሪነት ሱሪ። ከሥሩ የኔው ጫማ፣ ያውም አንድ እግሩ ብቻ። ከዚያ ለሰርጋችን የለበስኩት ኮት፣ ብል የጠገበው። ለካ የራሴን ኮተት ነው ስጠብቅ የኖርኩት! ባለቤቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ መጀመሪያ ተኮሳተርኩ፤ ኋላ ግን አልቻልኩም።

የጆንያው ጥግ ላይ አልጋ ገባ። ባለቤቴ ከራስጌው በላይ ሚስማር መታች።

አባቴ ሲመጣ እንደ ልማዱ በር ስር ተቀምጦ ምሳውን በላ። ሊነሳ ሲል ባለቤቴ ክንዱን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባችው። ምርኩዙን እንደያዘ ጋደም አለ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ መግሪብ ተቃርቦ ልጆቻችን መጫወቻቸውን ሲሰበስቡ፣ እኔም ጫማዬን ሳነሳ ደረሰ።

"ምን ሆናችኋል?" አለ።

"አባ፣ እቃ ሁሉ ወደ ቦታው የሚመለስበት ሰዓት ነው" አለችው ባለቤቴ። "ያቺ ሚስማር የእርስዎ ናት።"

አባቴ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከዚያ እጀታዋ ቆልመም ያለችውን ምርኩዙን ሚስማሯ ላይ ሰቀላት። ውጭ የመጨረሻው የውጫሌ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ።

"ይለፍ" አለ አባቴ፣ "ይለፍ።"