በሰሊጥ ሚዛን ላይ

ከደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ እሱም ቢሆን ሰላምታው ሲያልቅ የምለው ይጠፋኛል። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው አከርካሪውን ታሞ እግሩ ለከዳው ሰው፣ ይልቁንም ለሚያበላው ዘመዱ ነው።

ሕመሜ የጀመረው በጫማ ነው። በምንኖርባት ከተማ በገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስሄድ አንዲት ሴት ከኋላዬ ሮጣ ደርሳ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ። የኔው ነው። ሲወልቅ አልተሰማኝም። አፍሬ አመሰገንኋትና ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን መቆም አቃተኝ። ሽንቴም ተያዘ። ሐኪሙ ትራንስቨርስ ማየላይተስ ነው አለ፤ የሕብለ ሰረሰር ብግነት። «እግርሽ ሊመለስ ይችላል። መቼ እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። አላለቀስሁም። እናቴ ታለቅስ ስለነበር ተራ አልደረሰኝም።

ከሆስፒታል ስወጣ እግሬ የማሽላ አገዳ መስሏል። እናቴ በየዓመቱ በሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋ እርሻ ወርዳ ለሠራተኞች ታበስላለች፤ የምንኖረው በዚያ ገንዘብ ነው። እኔ ብቻዬን ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር ካልቻልሁ ግን የትም አትሄድም። አጨዳው ስድስት ወር ቀርቶታል።

እናቴ መድኃኒቱ ምግብ ነው አለች። የሰፈሩ ሴቶችም ለሠርግ እንደሚያወፍሯት ሙሽራ ያዙኝ፤ የተፈጨ የሰሊጥ ጠሒና በስኳር፣ ገንፎ በቅቤ። እምቢ ማለት ስለማፍር ሁሉንም በላሁ። በየወሩ እናቴ በጋሪ ወደ ሐጂ ኑሩ የሰሊጥ መጋዘን ትወስደኝና ከነፕላስቲክ ወንበሬ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ሐጂ መጀመሪያ የወንበሩን ቀነሱ፤ ከዚያ እጃቸው ለምዶ ለገለባም ቀነሱ። እናቴ ልጄ ምን ገለባ አላት ብላ ተቆጣቻቸው። ይቅርታ ጠይቀው ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ብለው በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉ። በሦስተኛው ወር ሃምሳ አራት ሞላሁ። ሸካሚዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ፊቴን ሸፈንሁ።

በማግስቱ እናቴ ልታነሣኝ ሞከረች። ወገቧ ያዛት። ወደቅን። እሷ ከታች ሆነች። የሞተች መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን እጅሽን ከዓይኔ ላይ አንሺ አለችኝ።

የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከሆስፒታል ስወጣ እንዳደረገችው፣ ጭኔን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው። ከበፊቱ ቀጥኗል። «ክብደት ጨምረሻል፤ ጡንቻ ግን ቀንሰሻል። እግር ካልሠራ ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይሆንም» አለች።

እናቴ «ታዲያ ያ ሁሉ ጠሒና የት ገባ?» ብላ ጠየቀች። ፊዚዮቴራፒስቷ በሜትሩ ጫፍ ሆዴን አሳየቻት።

ከዚያ በኋላ ስኳሩና ቅቤው ቀርቶ ፉል፣ ምስርና እንቁላል ሆነ፤ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በሁለት እጄ ማንሣት፣ የወንበሩን ክንድ ተደግፌ ቂጤን ከፍ ማድረግ፣ ትንሽ ትንሽ መታዘዝ የጀመረውን እግሬን ደግሞ ጉልበቴን እየዘረጋሁና እያጠፍሁ ማሠራት የየቀን ሥራዬ ሆነ። እናቴ እንደ ገላባት ድንበር ጉምሩክ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የጎረቤቶቹን ሳሕን ክዳን እየከፈተች ትፈትሽ ነበር። በስድስተኛው ወር ስመዘን ሦስት ኪሎ ቀነስሁ። ሸካሚዎቹ አዘኑ። ሐጂ ግን ሰሊጥም ሲደርቅ ይቀላል ብለው አጽናኑኝ። ጭኔ በአንድ ጣት ወፍሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ብቻዬን ከአልጋ ወደ ወንበር ተሻገርሁ።

እንግዲህ ሚዛን ብቻ አትመኑ፤ ጭንና ክንዳችሁንም በወር አንድ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ለኩ። ለእናንተ የሚሆነውን እንቅስቃሴ ከባለሙያ ጠይቁ። ቁስል እንዳይወጣባችሁ ቶሎ ቶሎ ተገላበጡ። የሚያበላችሁንም ሰው አትቆጡት፤ በፍቅር ነው የተሳሳተው። ሐጂን፣ ጎረቤቶቼንና ያችን ጫማ ያመጣችልኝን ሴት እግዜር ይስጥልኝ።

እናቴ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወጥታ ወደ ፋሽጋ ስትሄድ፣ ደጃፍ ካለው ወንበሬ ተነሥቼ፣ የበሩን መቃን ይዤ ቆሜ ሸኘኋት። ስድስት ወር ሙሉ ተነሺ፣ ቁሚ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች ከላይ ጮኸችብኝ።

«ቁጭ በይ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል!»