ቀዩ የጠፋበት ስክሪን

የሚስቴ ወንድም ከቴፒ መጥቶ በኳስ ጌም ሊገጥመኝ ቀጠሮ ነበረን። ባለፈው ልጆቼ ፊት ስላዋረደኝ ብድሬን ለመመለስ ቸኩያለሁ። በዚያው ጠዋት፣ ሚዛን ከተማ ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ የቆመው የጌም ማሽን ስክሪን ቀይ ቀለም ጠፋበት። ቀይ ለባሾቹ ተጫዋቾች ጠቆሩ፤ የሰው ፊት ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

ጎረቤቶቼ አጠገባችን ካለችው ከአማን ከተማ ኢንጂነር ታደለን እንድጠራ መከሩኝ። ኢንጂነርነቱን የሰጠው ለራሱ ራሱ ነው። በባጃጅ መጣ፣ ምንጣፌን በጭቃ ጫማው ረግጦ ገባና ማሽኑን በጥፊ መታው።

"ጋሼ፣ ይሄ ለኔ ቁርስ ነው!"

ፈታው፣ በአፉ እፍ አለበት፣ ሲበይድ ሳሎኔን በጭስ ሞላው። በመጨረሻ አብርቶት ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

"ይኸው! መስታወት የመሰለ ምስል!"

ፊቶቹ ያው አረንጓዴ ናቸው። "ቀዩስ የታለ?" አልኩት።

"ይኸው!" ብሎ ጣቱን ሜዳው ላይ ቀሰረ።

"እሱማ ሣሩ ነው!"

"ጋሼ፣ ዓይንዎን ቢታዩ ጥሩ ነው" አለኝ በሐዘኔታ።

ለካ የሚስቴ ወንድም ደርሶ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ደሜ ፈላ።

"ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ምን ቀረኝ ብሎ ነው ስክሪን ጥገና የገባው?" ብዬ ጮህኩበት።

ቅር ብሎት መፍቻዎቹን እየሰበሰበ፣ "ምን ላድርግ ጋሼ? ቡና ለቀማ ላይ ነበርኩ፤ አረንጓዴውን ከቀዩ እየቀላቀልክ ትለቅማለህ ብለው አባረሩኝ" አለኝ።