ባለ ሦስት ጣቷ ወፍ

አባቴ ድርቆሽ አጫጅ ነው፤ ትራክተር ይነዳል። ገና ዳዴ ስል እናቴ ሞተች። አክስቶቼ "ወንድ ብቻውን ልጅ አያሳድግም" ብለው ሊወስዱኝ ሲመጡ በሩን ዘጋባቸው። ሹሩባዬን ራሱ ይሠራልኝ ነበር፤ ወይ ሹሩባ! ዛሬ ከኋላው እየሄድኩ ሳሩን በመንሽ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሥራ ሲያቋርጡት ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ አንድ ጠዋት መሃል ሜዳ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ፣ "ደግሞ ምን ነካው?" አልኩ።

ከጎማው ፊት አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ እንቁላል ታቅፋለች። ንቅንቅ አላለችም።

"ድርጭት ናት" አልኩ።

"ትመስላለች" አለና የአልጋ ስፋት ያህል ሳር ትቶ ዙሪያውን አጨደ።

ከሰዓት በኋላ የሜዳው ባለቤት፣ አለቃችን፣ መጣ፤ ውሻው አንድ የሞተች ወፍ በአፉ ይዟል። ከዚያችኛዋ ትበልጣለች፤ ደረቷም ደመቅ ያለ ቀይ ነው። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ የማይወደው የቆመ ሳር ብቻ ነው። ለምን እንደተውነው ነገርነው።

"ጋሼ፣ አንዷ ከሞተች የታቀፈችውም እንቁላሉን ጥላ መሄዷ አይቀርም። ዝናብ ሳይቀድመን ይጨዱት" አለ።

አባቴ የሞተችውን ተቀብሎ እግሯን ዘረጋ። "ድርጭት ከኋላም ጣት አላት። ይቺ ከፊት ሦስት ብቻ፤ ከኋላ ምንም። የዚህ ዘር ደማቋ ሴቷ ናት። እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች እንጂ አትታቀፍም። እዚያ የተቀመጠው አባትየው ነው። ጫጩት ይዞ ሲዞር ያየሁትም ሁልጊዜ ደብዛዛውን ነው።"

አለቃችን ሳቀ። "ኧረ ይተዉኝ ጋሼ! ወንድ ብቻውን ምን አሳድጎ ያውቃል?"

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሷን ጠይቃት።"

ሁለቱም እኔን ያያሉ።

"እኔን አሳድጓል" አልኩ። "የጠመመው ሹሩባው ብቻ ነው።"

አለቃችን ውሻውን በአንገቱ ያዘና፣ "እንግዲያው ይቆይ። ይሄንንም አስረዋለሁ" አለ።

ሳሩም ቆመ፣ ዝናቡም መጣ፣ አለፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ስንመለስ ደብዛዛው ወፍ አውራ ጣት የሚያካክሉ ጫጩቶች አስከትሎ ከሳሩ ወጣ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪያልፉ ጠበቀ። ፊቱ አልጠቆረም።