ዘፋኙ ጣቱን የቀሰረው ወደ ማን ነበር?

አማቴ ወጣት ሳሉ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ መድረክ ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ እሳቸው ቀስሮ ዘፍኗል። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከልጃቸው ጋር በተጫጨሁ ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉና በየክርስትናው እሰማዋለሁ። ልብሳቸው ቢጫ ነበር። የተቀመጡት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ዘፋኙ ስለ ዓይን በሚያወራው ዘፈኑ ውስጥ “አንቺ” የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ጣቱን ወደዚያ ረድፍ ሰደደ፣ አማቴም ለሦስት ቀን ምግብ አልበላ አላቸው። ሟቹ ባላቸው ይህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ይይዙ ነበር ይባላል።

ዘፋኙ ከሞተ ቆይቷል። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰብ አለው፣ እኔም ሰላም እፈልጋለሁ። በቅርቡ ታዲያ የእሱን ዘፈኖች ብቻ የሚጫወት፣ አለባበሱን ሳይቀር የሚኮርጅ የወጣቶች ባንድ ከአዲስ አበባ መቀሌ ሊመጣ ነው ተባለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ወዲያው “ተረኛ ነኝ” አለች። ተረኛ እንዳልሆነች እሷም እኔም እናውቃለን።

“እናትሽ እኮ ናቸው” አልኳት።

“አማትህ እኮ ናት” ብላ ዘጋችኝ።

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ለመምህርነት መቀሌ የመጣሁ፣ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ትግርኛዬ ገበያ ያደርሳል፤ ለጠብ ግን አይበቃም። ስለዚህ አማቴ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት፣ ያውም “ሐ”ን ከጉሮሯቸው ሥር እየሳቡ። እሳቸው “ሐሳብ አለኝ” ሲሉ የእኔ ሐሳብ ሁሉ ቀላል መስሎ ይታየኛል።

የዚያን እሑድ ቢጫ ሻርፕ አድርገው ወጡ። ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር በእግራችን ሄድን፤ ሮማናት አደባባይ ስንደርስ ሕዝቡ ከታክሲዎቹ እኩል መንገዱን ይዞታል። ባንዱ የሚጫወትበትን አዳራሽ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በእርዳታ ስንዴ ጆንያ እስከ ጣራው ተሞልቶ ነበር። አሁን በሰው ተሞልቷል። ወንበር ያጣው ደረጃው ላይ፣ ደረጃ ያጣው መስኮቱ ላይ ሰፍሯል። አማቴ ግን “ሦስተኛ ረድፍ” ብለው ክርናቸውን አስቀደሙ። እኔ ከኋላ “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያልኩ ተከተልኩ። ደረስን። እንዴት እንደ ደረስን እግሩን የረገጥኩት ሰው ሁሉ ይንገራችሁ።

ባንዱ ወጣ። ዘፋኙ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ረጅም ልጅ ነው፤ እግሩ ሥር የሰፋ ሱሪ፣ የተገዛ አፍሮ፣ የተለጠፈ ሪዝ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አማቴ ከእግር እስከ ራሱ መረመሩት።

“ቀጭን ነው” አሉ። “እሱ አንገት ነበረው።”

ልጁ ግን አፉን ሲከፍት አንገቱን ረሳንለት። ድምፁ ያው የካሴቱ ድምፅ ነው፤ ትንሽ ሳግ የተቀላቀለበት፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ። ሕዝቡ መዝፈኑን ከእሱ ቀማው። ፊቱ ተፈትቶ አይቼው የማላውቀው የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ወንበር ላይ ቆሞ ኮቱን ከራሱ በላይ ሲያሽከረክር አየሁ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሱም አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም።

በአራተኛው ዘፈን ላይ ሙቀቱ የልጁን ሪዝ በግራ በኩል አላቀቀው። ተንጠለጠለ። ልጁ ሁለት እጁን ማይክሮፎኑ ላይ አድርጎ መዝፈኑን ቀጠለ፤ ሪዙ በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት ተነሥተው መድረኩ ላይ ወጡና በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው መለሱለት። ከዘፈኑ የበለጠ የተጨበጨበው ለእሳቸው ነው።

ከዚያ የዓይን ዘፈን መጣ። “አንቺ” የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ልጁ እንደ ተማረው ጣቱን ወደ እኛ ረድፍ ሰደደ። አማቴ ብድግ አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ ጥቁር ኮት የለበሱ ሴትዮም ብድግ አሉ።

“ይቅርታ፣ እርስዎ ይቀመጡ” አሉ ባለ ኮቷ። “ይቺ የኔ ዘፈን ናት።”

“የማን?”

“የኔ። ያኔ እዚህ ሲመጣ ጣቱን የቀሰረው ወደኔ ነው። ቢጫ ልብስ ለብሼ።”

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሌባ እንደ ያዘ ሰው። “ሰማህ? ልብሴን እንኳ አልተወችልኝም!”

በ“እርስዎ” የተጀመረው ጠብ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው “አንቺ” ላይ ደረሰ። ከዚያ ወደ ትግርኛ ተሻገረ፤ ከዚያ ውስጥ የለየሁት “ሓሶት” የሚለውን ብቻ ነው፣ ውሸት ማለት ነው፤ ደጋግመው ተባባሉት። ከኋላችን የነበሩ ሦስተኛ ሴትዮ፣ ነጭ ሹራብ የለበሱ፣ በመሐላቸው አንገታቸውን አስገቡ። ሊያስታርቁ መስሎኝ ነበር።

“ያን ዓመት ከተማው ሙሉ ቢጫ ነበር” አሉ በአማርኛ፣ ለእኔም እንዲገባኝ ይመስላል። “ገበያ ላይ የነበረው ጨርቅ እሱ ብቻ ነው። ያየው ግን እኔን ነው።”

እረፍት ሲሆን አማቴ ሐሳብ መጣላቸው። ከወጣቶቹ ጋር ሳክስፎን የሚነፉት ሽማግሌ ከሟቹ ዘፋኝ ጋር የሠሩ መሆናቸው መጀመሪያ ላይ ተነግሮ ነበር። ሦስቱ ሴቶች በሰልፍ ሄዱ፤ እኔ ሦስት ቦርሳ ይዤ ተከተልኩ። ሽማግሌው በጎን በር አጠገብ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ውሃ ይጠጣሉ።

“ሓወይ” አሉ አማቴ፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው። “እውነቱን ንገረን። ያኔ መቀሌ ስትመጡ ጣቱን ወደ ማን ነበር የቀሰረው?”

ሽማግሌው ሦስቱንም ተራ በተራ አዩና ሳቁ። ምነው ባልሳቁ።

“እህቶቼ፣ ነፍሱን ይማረውና እሱ እኮ ሩቅ አያይም ነበር። መነጽር ነበረው። ሴቶች ይስቁብኛል ብሎ መድረክ ላይ ያወልቀዋል። ከማይክሮፎኑ ወዲያ ያለው ለሱ ጉም ነው። አንዴ አዳማ ላይ ሙሉ ዘፈን ለምሰሶ ዘፍኗል።”

እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ነበር፤ ከእንግዲህ በየክርስትናው ይህን ታሪክ አልሰማም። ከዚያ የአማቴን ፊት አየሁ። የሻርፓቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው ያፍተለትሉታል። ያን ያህል ዘመን፣ ባል ሲቀብሩም፣ መብራትና ስልክ በጠፋበት ጊዜ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ሲያጫውቱንም፣ ያቺን ጣት ይዘው ነው የኖሩት። ደስታዬ አሳፈረኝ። “አደይ፣ እናቴ፣ እንመለስ” ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

“አንተ ያኔ ምን ነበር የምትነፋው?”

“ይሄንኑ፤ ሳክስፎን።”

“የት ቆመህ?”

“ከኋላው ነዋ።”

“እንግዲያው ያየኸው ጀርባውን ነው” አሉ አማቴ። “ጀርባውን ያየ ሰው ስለ ዓይኑ ምን ያውቃል!”

“እውነቷን ነው!” አሉ ባለ ኮቷ።

“ጀርባውን ብቻ!” አሉ ባለ ሹራቧ።

ሽማግሌው ጫማቸውን አጠለቁ። እኔም በሰውየው ፈንታ ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከእረፍት በኋላ ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ቦታዬን ለባለ ሹራቧ ለቅቄ ከነቦርሳዎቹ ግድግዳ ተደገፍኩ። ልጁ ሪዙን ጨርሶ ጥሎት ተመለሰና “ምን ልዝፈንላችሁ?” ሲል አዳራሹ በአንድ አፍ የዓይኑን ዘፈን ጠራ። “አንቺ” ሲል የሴቱ ሁሉ እጅ ወደ ላይ ወጣ። ወደ ማን እንደ ቀሰረ ከእኔ ቦታ አይታይም ነበር። አማቴን ግን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን እስከ መንጋጋቸው ከፍተው፣ ከዜማው ግማሽ እርምጃ ቀድመው ይዘፍናሉ። እኔም እስክስታ ሳልመታ አልቀረሁም፤ ሦስቱ ቦርሳዎች እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰማኛል። በማግሥቱ የመምህራን ክፍል ውስጥ ርእሰ መምህሩ ትከሻዬን አይቶ “ወለም አለህ እንዴ?” ብሎኛል።

ስንወጣ ገና አልመሸም። ለአራታችን አንድ ባጃጅ ያዝን፤ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔ ግማሽ መቀመጫዬን ውጭ አድርጌ ከሹፌሩ ጎን። ባለ ሹራቧ ቀድመው ወረዱ፤ ተሳሳሙ፣ ስልክ ተለዋወጡ። ባጃጁ ገና ሳይነሣ ባለ ኮቷ ወደ አማቴ ጎንበስ አሉ።

“ይቺስ ዋሸች። ዕድሜዋም አይደርስም።”

“ያኔ ጡት አልጣለችም” አሉ አማቴ።

በዚህ ፍጹም ተስማምተው ሲስቁ ከባለ ኮቷ ደጃፍ ደረስን። የሚመጣው እሑድ ሊጠያየቁ ቀጠሮ ያዙ። አማቴ ሴትዮዋ በራቸውን እስኪዘጉ ድረስ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፦

“ምስኪን” አሉኝ። “ተስፋዋን መቁረጥ ጨነቀኝ እንጂ፣ እሷ እኮ ያኔ የተቀመጠችው አምስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።”