እናቴና የኮባ ቅጠሉ

በእኛ አገር ከሸክላ ሠሪ ቤት የተወለደ ልጅ አንድ ነገር ቶሎ ይማራል፤ ሰዉ የሠራነውን ድስት ይገዛል፣ በድስቱ ያበሰልነውን ግን አይቀምስም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ድስት ልንሸጥ ኦቾሎ መንደር ስንወጣ አንዲት የሸማኔ ሚስት ደንበኛችን ነበረች። ከእናቴ በቀር ከማንም ድስት አትገዛም። ውሃ ስትሰጠን ግን ከአጥሩ ውጭ አስቀምጣን፣ ዋንጫዋን እንዳንነካ በታጠፈ የኮባ ቅጠል ነበር። እናቴ አመስግና ትጠጣለች። እኔ ጠጥቼ ስጨርስ ቅጠሉን መሬት ጥዬ እረግጠዋለሁ፤ ያኔም ቁጡ ነበርኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሸክላ ሠሪ ሴቶችን ያደራጀው ድርጅት ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ምግብ ቤት እንድንከፍት ሲያግዘን፣ በታፔላው ጉዳይ ከድርጅቱ አማካሪ ጋር ተጋጨሁ። ደግ ሰው ነው፤ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሚኒባስ እየወረደ ሥራውን አንድ በአንድ ያሠለጠነን እሱ ነው።

«እህቴ፣ ‹የሸክላ ሠሪዎች ምግብ ቤት› ብላችሁ ባትጽፉ ይሻላል። ገበያው ይሸሻችኋል» አለኝ።

«ይሽሸን! እኛ ስንሸሽ ኖረናል» አልኩት። በትልቁ አስጻፍኩት።

በተከፈተበት ቀን ሰዉ ታፔላውን እያነበበ አለፈ። ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የተሠራው ኩርኩፋ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ባልደረቦቼ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። እስከ ማታ አንድ ሰው እንኳ ካልበላልን በማግስቱ አንዳቸውም እንደማይመጡ አውቄዋለሁ። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ የምታበስለው እናቴ ናት፤ እጇን አውቀዋለሁና።

ከሰዓት በኋላ ያቺ የኦቾሎዋ የሸማኔ ሚስት መጣች። አርጅታለች። በሩ ላይ ከደረደርናቸው ድስቶች ልትገዛ ነበር የመጣችው። ሽታው ሳባት መሰለኝ፣ ገብታ ተቀመጠች።

«ከሠራችሁት ስጡኝ» አለች።

እናቴ ከጓዳ ስትወጣ በእጇ ምን ይዛለች? የኮባ ቅጠል! ኩርኩፋውን ቅጠሉ ላይ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ሳህናችን እንዳያስቸግርዎ ብዬ ነው» አለቻት። በገዛ ቤታችን! ቅጠሉን ልቀማት ተነሣሁ።

ሴትዮዋ ቅጠሉን አየችው። ከአጥሩ ውጭ ለእናቴ ስታቀብለው የኖረችው እሷ ናት፤ እንዴት ይጠፋታል። ፊቷ ላይ እፍረት አየሁ።

«ሳህን የላችሁም እንዴ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እናቴ ቅጠሉን አንሥታ ገባች። ስትመለስ ኩርኩፋውን በገዛ እጇ በሠራችው ሰፊ የሸክላ ሳህን ይዛለች፤ ሳህኑ አንድ ብቻ ነው። ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከሴትዮዋ ፊት ለፊት ተቀመጠችና፣ አይቼባት በማላውቀው ድፍረት፣ ቀድማ ራሷ ጎረሰች።

«ይብሉ እንጂ፣ እትዬ። ይቀዘቅዛል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበችና ከዚያው ሳህን ጎረሰች።